«ልቀቅ» የሚል ወረቀት

ልጆቼ ሆይ፤ አንድ ሰው ሌላውን ሰው ከቤት ወይም ከእርሻ ሊያስወጣ ሲያስብ አስቀድሞ ቃል ይልክበታል። ያ ቃል በድሮ ዘመን በአፍ ይነገር ነበር፤ በኋላ ግን በወረቀት መጻፍ ተጀመረ። ሕግ ይህን ወረቀት «ማስጠንቀቂያ» ብሎ ይጠራዋል፤ ሰው ግን በተለምዶ «የልቀቅ ወረቀት» ይለዋል። እኔ ዛሬ ስድሳ ስምንት ዓመት የሆነኝ ጡረተኛ መምህር ነኝ። ይህንን ወረቀት በልጅነቴ ለሌላ ሰው ጻፍሁት፤ በጎልማሳነቴ ወረቀቱ ቀርቶ ቃሉ ብቻ መጣብኝ፤ በሽምግልናዬ ደግሞ ቤት አከራይ ሆኜ በገዛ እጄ ለሰው ሰጠሁት። ስለዚህ ታሪኩን ልነግራችሁ ስነሣ፥ ስለ ሌሎች ሰዎች ጥፋት ብቻ የምናገር እንዳይመስላችሁ።

የተወለድሁት በአርሲ፥ በጪላሎ አውራጃ፥ በ1950 ዓ.ም. ነው። በዚያ አገር ከዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ብዙው መሬት ለመኳንንት፣ ለሹማምንትና ለወታደሮች ተሰጥቶ ስለ ነበር፥ አያሌ ሰው አባቱ በተወለደበት መንደር ተቀምጦ የሌላ ሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ሆኖ ነበር። ጭሰኛው እንደ ስምምነቱ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያገባል፤ ሲጠራም ለሥራ ይወጣል። ውሉ በአፍ ነው፤ ምስክሩ ጎረቤት ነው፤ የሚጸናውም ባለመሬቱ እስከ ወደደ ድረስ ነው።

ሕግ አልነበረም ማለቴ አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ይሠራበት ነበር። ይህ ሕግ ስለ ቤት ኪራይም፥ ስለ እርሻ መሬት ኪራይም በየክፍሉ ይናገራል። ለምሳሌ ቤት የተከራየ ሰው ኪራዩን በጊዜው ሳይከፍል ቢቀር፥ አከራዩ በዚያው ቀን ውጣ ሊለው አይችልም። ውሉ ለአንድ ዓመት ወይም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ የተደረገ ከሆነ ቢያንስ 30 ቀን፥ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ቢያንስ 15 ቀን ሰጥቶ እንዲያስጠነቅቀው ሕጉ ያዛል። ሁለቱ ወገኖች ከዚህ ያነሰ ቀን ቢዋዋሉ እንኳ ውላቸው አይጸናም።

እንግዲህ የማስጠንቀቂያ ፍሬ ነገሩ ቀን መስጠት ነው። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይሉ ነበር። ሕግ ባለመብቱን ሰው መብቱን አይነሣውም፤ ነገር ግን ለጥቂት ጊዜ ቆመህ ጠብቅ ይለዋል። በዚያችም ጊዜ ውስጥ ሌላው ሰው ገንዘብ ይፈልጋል፥ ወይም ሌላ መጠለያ ይፈልጋል፥ ወይም ወደ ዳኛ ሄዶ ቃሉን ያሰማል።

ይህ መልካም ሥርዓት ግን በወረቀት ላይ እያለ እንዴት ባዶ ሊሆን እንደሚችል ያየሁት በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው።

በ1960 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከስዊድን መንግሥት ጋር ተስማምቶ፥ በአጭር ስሙ «ካዱ» የሚባለውን የጪላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በአሰላ አቋቋመ። ዓላማው ትንሹን ገበሬና ጭሰኛውን መርዳት ነበር። ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ቀረበ፤ ብድርም ተሰጠ፤ ስንዴውም አማረ። ነገር ግን ባለመሬቱ የስንዴውን ትርፍ ባየ ጊዜ፥ ይህን ሁሉ ከጭሰኛ ጋር ስለ ምን እካፈላለሁ ማለት ጀመረ። የእርሻ መሣሪያ ያለ ቀረጥ እንዲገባ ተፈቅዶ ስለ ነበር፥ ትራክተር መግዛት ወይም መከራየት ለባለ ገንዘብ ቀላል ሆነ። ጭሰኛው ደግሞ ብድር ለማግኘት ከባለመሬቱ ጋር የተፈረመ ውል አምጣ ሲባል፥ ብዙው ባለመሬት አልፈርምም አለ። ከዚህም የተነሣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አያሌ ጭሰኞች ከጪላሎ ተነቀሉ። ለደካማው ተብሎ የመጣው በረከት ደካማውን ከቦታው አስነሣው።

በዚያን ጊዜ እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት እማር ነበር። የእጅ ጽሕፈቴ ያማረ ነው ተብሎ በክፍል ውስጥ ስመሰገን ደረቴን እነፋ ነበር። በ1962 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፥ በአንድ ቅዳሜ፥ የአንድ ባለመሬት ምስለኔ ወደ ቤታችን መጣና «ያ ባለ ጥሩ እጅ ልጅ የታለ?» ብሎ ጠየቀ። በጥላ ሥር አስቀምጦ ቃሉን እየነገረኝ አስጻፈኝ። ቃሉ አጭር ነበር፤ ባለመሬቱ መሬቱን ለራሳቸው እርሻ ስለ ፈለጉት፥ ይህ ወረቀት ከደረሰህ ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ እንድትለቅ ታዝዘሃል የሚል ነው። ስም ብቻ እየለወጥሁ ሰባት ወረቀት ጻፍሁ። ለአንዱ ወረቀት አንድ ስሙኒ ከፈለኝ፤ በጠቅላላው አንድ ብር ከሰባ አምስት ሳንቲም ሆነ። እንዲያ ያለ ገንዘብ ከዚያ በፊት በእጄ ይዤ አላውቅም ነበር። ደብተርና ከረሜላ ገዛሁበት።

ከሦስት ቀን በኋላ አንድ ጎረቤታችን የታጠፈ ወረቀት ይዘው መጡ። እርሳቸው የኦሮሞ ገበሬ ነበሩ፤ ከኦሮምኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም ነበር። ልጆች ሁሉ «ኦቦ» እያልን እንጠራቸዋለን፤ ከብት ስንጠብቅ ሲያገኙንም ከያዙት ቆሎ ያካፍሉን ነበር። «ልጄ፥ አንተ ፊደል ታውቃለህ፤ ይህ ወረቀት ምን ይላል?» አሉኝ። ገልጬ ባየው የገዛ እጄ ጽሕፈት ነው። ስማቸውን ሳሳምር ያወጣሁት ፊደል ሁሉ አፈጠጠብኝ። በኦሮምኛ ተረጐምሁላቸው። ዝም ብለው ቆዩና፥ «ስንት ቀን ሰጡን?» ብለው ጠየቁኝ። «15 ቀን» አልኋቸው። በጣታቸው ቆጠሩ። መሬቱን ሁለት ጊዜ አርሰውታል፤ የዘሩንም ጊዜ ይጠባበቁ ነበር። ከዚያም ወረቀቱን እያጠፉ «የጻፈው ማን ይሆን?» አሉኝ። እኔም «አላውቅም» አልሁ።

ጎረቤታችን ዝም ብለው አልወጡም። ወደ አሰላ ወርደው በፍርድ ቤቱ ደጃፍ ለተቀመጠው ማመልከቻ ጸሐፊ ከፍለው አቤቱታ አስጻፉ። ለአስተርጓሚም ከፈሉ። ባለመሬቱ ራሱ አልቀረበም፤ ነገረ ፈጅ ላከ። ነገረ ፈጁም ማስጠንቀቂያው በሥርዓት እንደ ተሰጠ ተናገረና እኔ የጻፍሁትን ወረቀት አሳየ። ጎረቤታችን የሚያሳዩት የተጻፈ ውል አልነበራቸውም። ቀጠሮ ተሰጠ፤ በቀጠሮው ቀን ዳኛው አልተሰየሙም ተብሎ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ። ሁለተኛው ቀጠሮ የዋለው በሐምሌ ነበር፤ ትራክተሩ ግን በሰኔ መጣ። ከቀጠሮው በፊት ጎጆአቸውን አፍርሰው እንጨቱን በበሬ አስጐትተው ወደ ባሌ ሄዱ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

በዚያው ሰሞን በትምህርት ቤታችን የናቡቴን ታሪክ አስተማሩን። የናቡቴን ወይን የተመኘ ንጉሡ አክዓብ ነበር፤ ናቡቴን ለማጥፋት ግን አስቀድሞ በንጉሡ ስም ደብዳቤ ተጽፎአል። ሌሎቹ ልጆች ስለ አክዓብና ስለ ኤልዛቤል ሲከራከሩ፥ እኔ ግን ስለ ደብዳቤው ብቻ አስብ ነበር።

ልጆቼ ሆይ፤ ያን ወረቀት ዛሬ ስመረምረው፥ ከውጭ ሲያዩት ሥርዓት ያለው ይመስል ነበር። ስም አለው፥ ቀን አለው፥ ፊርማ አለው። ነገር ግን ተቀባዩ በማያነበው ፊደልና በማይሰማው ቋንቋ ተጽፎአል፤ የሰጠውም ቀን ያረሰ ሰው ሊጠቀምበት የማይችል ቀን ነው፤ አቤት የሚባልበትም ደጅ ሩቅና ውድ ነበር። ከነዚህ ከሦስቱ አንዱ እንኳ ሲጐድል ማስጠንቀቂያ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ይቀራል።

በአገሪቱ ይህንን ያዩ ሰዎች አልጠፉም ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ስለ መሬት ኪራይ በፓርላማ ክርክር ሲደረግ፥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጥተዋል። በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ። የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚወስን የሕግ ረቂቅም ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን ከፓርላማው አባሎች ብዙዎቹ ራሳቸው ባለመሬቶች ስለ ነበሩ፥ እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ሕግ ሳይሆን ቀረ። ለጭሰኛው ጥቂት ቀን ለመስጠት ያልፈቀደ ሥርዓት፥ ለራሱም ብዙ ቀን አላገኘም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ፤ ጭሰኝነትም ቀረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ያን ጊዜ ባለ ብዙ ቤቶቹ ብቻ ሳይሆኑ፥ በሁለትና በሦስት ክፍል ኪራይ ልጆቻቸውን ያሳድጉ የነበሩ መበለቶችም አብረው ተነኩ። በአንድ ማለዳ ሬዲዮ ሰምተው ቤታቸው የሌላ መሆኑን ያወቁ ሰዎችን አይቻለሁ። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ለጭሰኛ ብቻ የሚያስፈልግ አይደለም፤ ለባለቤትም ያስፈልጋል።

ከዚያ ወዲህ በግል ቤት ማከራየት ክልክል ሆነ። ክልክል ይሁን እንጂ ሰው መጠለያ ስለሚያስፈልገው መከራየቱ አልቀረም፤ ስሙ ብቻ ተለውጦ «ደባል» ተባለ። እኔም አስተማሪ ሆኜ በተመደብሁበት ከተማ በአንድ ሰው ቤት ደባል ሆኜ እኖር ነበር። ውል የለንም፤ ደረሰኝ የለንም። ባለቤቴ በወለደች በሁለተኛው ሳምንት የቤቱ ባለቤት ማታ መጥተው «አስተማሪ፥ እስከ ቅዳሜ ልቀቅልኝ» አሉኝ። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ወዴት አቤት እላለሁ? ወደ ዳኛ ብሄድ እርሳቸውም እኔም ከሕግ ውጭ ነን። አራሷን በጋሪ ጭኜ በዝናብ ወጣሁ፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ እስከ ወሩ መጨረሻ አስጠጋን። ያን ጊዜ «ስንት ቀን ሰጡን?» የሚለው የጎረቤታችን ጥያቄ ወደ ልቤ ተመለሰ። ሕጉ ኪራይ የለም ብሎ ሲክድ፥ ተከራይም የለም ማለቱ ነው፤ ለሌለ ሰው ደግሞ ቀን የሚሰጠው የለም።

ዘመናት አለፉ፤ ቤት ማከራየትም እንደ ገና ተፈቀደ። ባለቤቴና እኔ በቁጠባ ትንሽ ቤት ሠራን፤ ከጓሮዋም ሁለት ክፍል ሰርቪስ አከልንባት። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፥ በ2011 ዓ.ም.፥ እነዚያን ሁለት ክፍሎች ለአንድ ወጣት ባለ ትዳር አከራይቼ ነበር። ሰውየው ሥራው ተቋረጠና ሦስት ወር ኪራይ ሳይከፍል ቀረ። የጡረታዬ ገንዘብ ትንሽ ናት፤ የባለቤቴን መድኃኒት የምንገዛው በኪራዩ ነበር። የማያውቅ ሰው አከራይ ሁሉ ባለጠጋ ይመስለዋል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው።

የሚመክረኝ ሰው አልጠፋም። አንዱ «ልጄ ከውጭ አገር ሊመጣ ነው በለው» አለኝ። ሌላው «ቤቱን ላድሰው ነው ብለህ ቆርቆሮውን አንሣው» አለኝ። የገዛ ልጄም «አባዬ፥ መብራቱን ቁረጠው፤ በሳምንቱ ራሱ ይወጣል» አለኝ። እውነቱን ልናገርና፥ አንድ ማታ ወደ ቆጣሪው ሄጄ እጄን ዘርግቼ ነበር። በመስኮቱ ሳይ የሰውየው ሴት ልጅ የቤት ሥራዋን ትጽፋለች። እጄን መለስሁ። ደግ ስለ ሆንሁ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቴ የሠራሁትን በስድሳ አንድ ዓመቴ ልደግመው መሆኑ አስፈራኝ።

በማግሥቱ ሕጉ እንደሚያዘው አደረግሁ። የውሉን ቀን፣ ያልተከፈለውን የወራት ብዛትና ገንዘቡን፣ የምሰጠውንም 30 ቀን ለይቼ ማስጠንቀቂያ ጻፍሁ። በሁለት ቅጂ አዘጋጅቼ ወደ ክፍሉ ሄድሁ፤ ባልና ሚስቱ ባሉበትም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁላቸው። ሰውየው በአንደኛው ቅጂ ላይ መቀበሉን ፈረመልኝ። እንቢ ቢል ኖሮ በምስክሮች ፊት እሰጠው ወይም በሪኮማንዴ ደብዳቤ እልክለት ነበር። «አባባ፥ ካልቻልሁ ምን ይሆናል?» አለኝ። «ከ30 ቀን በኋላ እከስሃለሁ፤ አንተም በዳኛ ፊት ቃልህን ትሰጣለህ፤ ዳኛ ሳያዝ ግን ከዚህ ቤት የሚያወጣህ የለም» አልሁት።

30ው ቀን አለፈ፤ ገንዘቡ አልተገኘም። ውሉን፣ የማስጠንቀቂያውን ቅጂና የቤቱን ካርታ ይዤ ክስ መሠረትሁ። ፍርድ ቤቱ መጥሪያ ላከለት፤ መልሱን አቀረበ። ሁለት ጊዜ ተቀጠርን፤ በሰልፉ ብዙ ቆምሁ፤ ለዳኝነትም ከፈልሁ። ልጄ «መብራቱን ብትቆርጥ ኖሮ እስካሁን አብቅቶ ነበር» እያለ ተቈጣኝ። በሁለተኛው ቀጠሮ ዳኛዋ ዕርቅ ሞክሩ ብለው ጊዜ ሰጡን። ከችሎቱ ውጭ በረንዳ ላይ ቆመን ተስማማን፤ በሁለት ወር ውስጥ ሊለቅ፥ ዕዳውንም በትንሽ በትንሹ ሊከፍል። ስምምነታችን በመዝገብ ሰፈረ። በቀኑ ለቀቀ፤ ቁልፉንም በእጄ ሰጠኝ። ከዕዳው ግን የከፈለኝ እኩሌታውን ነው፤ ቀሪው ዛሬም ድረስ አልተከፈለም። ለማስገደድ ወደ አፈጻጸም ክስ ልሄድ እችል ነበር፤ አልሄድሁም።

ሕጋዊውን መንገድ የያዘ ሰው ምንም አይጐድልበትም ብዬ አላታልላችሁም፤ ገንዘብም ጊዜም ይጐድልበታል። ያ የሚጐድለው ነገር ሌላው ሰው ቀን የሚያገኝበት ዋጋ ነው። ዋጋውን የማይከፍል አከራይ በቆረጠው መብራትና በነቀለው በር ያንኑ ዋጋ በሌላው ልጆች ላይ ይጥለዋል።

ከዚያም በኋላ ሕጉ መሻሻሉን ቀጥሎአል። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ፥ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ለጊዜው ተከልክሎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፥ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የማስጠንቀቂያንም ነገር በየምክንያቱ ለይቶ ይወስናል፤ ኪራይ በማይከፍል ተከራይ ላይም ለአከራዩ መብት ይሰጠዋል። እነዚህ ቃላት በጪላሎ ለነበሩት ጎረቤታችን ቢኖሩ ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ነገር ግን ሕግ በጋዜጣ መታተሙ ብቻ እንደማይበቃ አስቀድሜ ነግሬአችኋለሁ።

ስለዚህ ነገሬን ወደ እናንተ እመልሳለሁ። እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ ናችሁ። ከእናንተ መካከል ነገ ነገረ ፈጅ፣ ዳኛ፣ ደላላ፣ የቢሮ ጸሐፊ ወይም ባለ ቤት የሚሆን አለ። በሌላ ሰው ስም ወረቀት ጻፍ ስትባሉ፥ ይህን ወረቀት የሚቀበለው ማን ነው፥ ማንበብ ይችላልን፥ የተሰጠው ቀን የሚጠቅም ቀን ነውን ብላችሁ ጠይቁ። ተከራይ ስትሆኑ ኪራዩን በቀኑ ክፈሉ፤ ያቃታችሁ እንደ ሆነም ሳትደበቁ ተናገሩ። አከራይ ስትሆኑ ደግሞ መብታችሁን በሐሰት ምክንያትና በጨለማ አታስፈጽሙ። እኔ ዳኛው ሳይሰየም የተነቀለ ሰው አይቻለሁ፤ ከነቀሉትም መካከል አንዱ ነበርሁ።

ጎረቤታችን ያኔ «የጻፈው ማን ይሆን?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ሃምሳ ስድስት ዓመት ዘግይቼ ቢሆንም ልመልስላቸው ይገባኛል፤ ኦቦ፥ የጻፍሁት እኔ ነኝ።